ወይ ወገብ ወይ ድስት

እጄ ልል አይደለም። ሌላውን ሁሉ በኋላ እናገራለሁ፤ ይህን ግን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ቤይሩት ከገባሁ ጀምሮ ሰው ፊት "እጇ ልል ነው" ስባል የኖርኩት እኔ ዙሀራ ነኝ። ኮምቦልቻ እያለሁ ሠርግ ቤት ትልቁን ድስት ከእሳት የምታወርደው ማን ነበረች? እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ሳይቀሩ "ዙሀራን ጥሯት" ይሉ ነበር። እዚህ መጥቼ ግን እጄ ተበላሸ ተባለ። እጅ ባሕር ሲሻገር ይበላሻል እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ቤይሩት ውስጥ፣ አሽራፊዬ የሚባል ሰፈር ነው። ማዳሜ ዋዲዓ ትባላለች፤ ባሏ ሙስዩ ነኽሌ ነው። የሙስዩ እህት ሲት አድማ ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ቤት ሜሪ የሚባል መንደር ትኖራለች። እሁድ እሁድ ምሳ እሷ ዘንድ ነው። ማዳሜ ደግሞ ባዶ እጇን መሄድ አትወድም፤ ድስት ሙሉ ሺሽባራክ ሠርታ ነው የምትሄደው። ሠርታ ስል እኔ ሠርቼ እሷ ጨው ቀምሳ ማለት ነው። ሺሽባራክ ሥጋ የተሸጎጠበት ትንንሽ ሊጥ ነው፤ በሞቀ እርጎ ውስጥ ይዋኛል። ማዳሜ ይህን ሁሉ የምትደክመው አድማን ስለምትወድ አይደለም። አድማ ወጥ እንደማትችል አድማ ራሷ በየሳምንቱ እንድታስታውሰው ነው።

አድማም ቢሆን ዝም አትልም። እዚህ አገር ድስት ባዶውን አይመለስም። እሷ በፈንታዋ የራሷን ሠርታ ትሞላበታለች፤ ማዳሜ ቤት ደርሳ ትቀምስና "ዛሬም አልሆነላትም" ትላለች። እንዲህ ሲዋደዱ ኖረዋል። ድስቱ ሲወጣም ሲወርድም ግን የሚሄደው እኔ ጭን ላይ ነው። የዕቃ መጫኛው ከተራራው የምንጭ ውሃ በሚቀዳባቸው ጀሪካኖች የተሞላ ነው፤ አንድ ጊዜ ድስቱን እዚያ አስቀምጠውት ጀሪካኖቹ ምሳቸውን በልተዋል።

መኪናው ጦርነቱ ሳይጀመር የተገዛ ጀርመን ሠራሽ ነው። ቀለሙ ሻይ በወተት። የኋላ በሩ ላይ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ፤ ሙስዩ ለእንግዳ ሁሉ እንደ ሜዳሊያ ያሳየዋል። "ይህ መኪና በዚያ ሁሉ ቶክስ መካከል ቤተሰቤን አውጥቷል፤ አንድ ቀን አሞኛል ብሎ አያውቅም" ይላል። መቼ ሰማውና!

ሲን ኤል ፊል የሚባለውን ሰፈር አልፈን ተራራውን ስንጀምር መንገዱ ይጠማዘዛል። መኪናው ፊቱን ወደ ግራ ሲያዞር ቂጡ ገና ወሬውን አልሰማም። ሲሰማ ደግሞ አንዴ ነው የሚወረወረው። እኔ ኋላ ተቀምጬ ድስቱን በሁለት እጄ አንጠልጥዬ፣ ጉልበቴን ከፊት ወንበር አስደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የምሄደው። አንዱን ኩርባ አመልጣለሁ። ሁለተኛውን አመልጣለሁ። ከዚያ ከክዳኑ ሥር ቸፍ! ይላል። ማዳሜ ከፊት ሆና ዞር እንኳ ሳትል "ዙሀራ! እጅሽ!" ትላለች። ሙስዩም መሪውን እንደያዘ "እጅሽ ዙሀራ!" ይላል። ቅዳሴ የሚቀባበሉ ይመስላሉ።

ስድብ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ስቀጠር ማዳሜ "እሁድ ከምሳ በኋላ ያንቺ ነው" ብላኛለች። ግን ደግሞ የቤቱ ሕግ ያፈሰሰ ያጥባል ነው። እነሱ አድማ ግቢ ወይን ዛፍ ሥር ዐረቃቸውን ይዘው ሲቀመጡ፣ እኔ ባልዲና ሳሙና ይዤ መኪና ውስጥ እገባለሁ። እርጎ ወንበር ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ካገኘው በማግስቱ መኪናው የበግ ጋጣ ነው የሚሸተው። ሳጥብ ስፈትግ፣ እሁዴ እዚያው ወንበር ላይ ያልቃል።

ዶራ የሚባል ሰፈር ደግሞ እሙሽ አለች። እሙሽ የአገሬ ልጅ ናት፤ ከአሠሪዎቿ ወጥታ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በቀን በቀን እየዞረች ትሠራለች። እሁድ የአገር ልጅ ሁሉ እሷ ክፍል ይሰበሰባል፤ ይሳቃል፣ ይለቀሳል፣ ወሬ ይቀባበላል። ሰኞ ስልክ ትደውልልኛለች።

"ትናንትም ወንበር?"

"ትናንትም ወንበር።"

"አንቺ ዙሀራ፣ የተቀጠርሽው ለሰዎቹ ነው ወይስ ለወንበሩ?"

ማዳሜን ስነዘንዛት፣ አንድ ቀን በመስቀሏ ምላ "ድስቱ ሳይፈስ ቤት ሜሪ የደረሰ ቀን፣ ምሳ እንደቀረበ ትሄጃለሽ፤ ከዚያ በኋላም እንደዚያው" አለችኝ። እንደማይሆን ስላወቀች ነው የማለችው።

እንዲህ እያልን አንድ እሁድ፣ ያው ኩርባ ላይ፣ መኪናው ከወትሮው ብሶ ተወረወረና ድስቱ ከነክዳኑ ወደፊት ሄደ። ግማሹ እርጎ ሙስዩ ኮሌታ ውስጥ ገባ። አንዷ ሺሽባራክ ጆሮው ላይ ቀረች። ቤት ሜሪ ስንደርስ አድማ በሩ ላይ ቆማ አየችን፤ ወንድሟን ከጆሮው እስከ ወገቡ አየችው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። የሕፃን የደረት ልብስ ነው፤ ሲበሉ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ አንገታቸው ላይ የሚታሰረው፣ ፕላስቲክ የሆነ፣ ዳክዬ ያለበት።

"ለሠራተኛሽ ነው፣ ሸሪ" አለቻት ለማዳሜ፤ "ውዴ" ማለቷ ነው በፈረንሳይኛ። "ከልጅ ልጆቼ የተረፈ ነው። እጇ እንዲህ ከሆነ አንገቷ ላይ እሰሪላት።"

ሳቁ። ማዳሜም ሳቀች፤ ግን የሷ ሳቅ ጥርስ ብቻ ነበር። እኔ ዳክዬዋን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። "መርሲ ሲት አድማ" አልኩ። ወላሂ ያን ቀን ወንበሩን ሳሙናው እስኪያልቅ ፈተግኩት።

ስንመለስ የወታደር ኬላ አለ፤ መንገዱ ላይ እብጠት ስላደረጉበት ዝግ እየተባለ ነው የሚታለፈው። ከእኔ መቀመጫ ሥር "ጓ! ጓ!" የሚል ድምፅ አለ። እኔ ያንን ድምፅ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። "ሙስዩ፣ ከኋላ የሆነ ነገር ይንጓጓል" ስል "ጀሪካኑ ነው" ይለኛል። ያን ቀን ግን አንድ ወታደር ጎንበስ ብሎ አየና "ያ ዓሞ፣ የኋላ ጎማህ እኮ ወደ ጎን ነው የሚያየው" አለው።

ሙስዩ ደነገጠ። እኔ ለዓመታት ስናገር ጀሪካን የሆነው ነገር፣ ወታደር አንዴ ሲናገረው በሽታ ሆነ። በማግስቱ ቡርጅ ሃሙድ ወደሚገኘው ጋራዥ ይዞት ሄደ። እኔንም ይዞኝ ሄደ።

እኔ ለምን? ሙስዩ ነኽሌ መኪናውን ለመካኒክ ብቻውን ትቶ አይሄድም። ደህናውን ዕቃ ፈትተው የሌላ አሮጌ ይገጥሙበታል ብሎ ይሰጋል፤ ሰፈራችን ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ከቤት አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። እኔ ሥራ እንዳልፈታ ማዳሜ ያንኑ የእሁዱን ድስት ኩሳ ሞልታ ሰጠችኝ፤ ኩሳ ሩዝና ሥጋ የሚሞላበት ትንንሽ ዝኩኒ ነው፣ ሆዱን መፈልፈል አለብኝ። መካኒኩ መዓለም ክሪኮር የሚባል አርመን ነው፤ መዓለም እዚህ ባለሙያ የሚጠራበት ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ ቅንድቡ ከሆዱ የሚወዳደር። ድስቴን ታቅፌ ስገባ አየኝና ሙስዩን "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አለው።

"ከመኪናው ጋር ትቆያለች።"

"እኔን ልትጠብቅ?"

"መኪናውን።"

"ያው እኔን ነዋ!" ብሎ ሳቀ፤ በርጩማ ጎትቶ ሰጠኝ። "ቁጭ በይ ኡኽቲ፣ እህቴ። ደህና አድርገሽ ጠብቂኝ፤ እኔ ራሴን ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።"

መኪናውን ከፍ አድርጎ ረጅም ብረት ከኋላ ጎማው ሥር አስገባና ላይ ታች አደረገው። ጎማው እንደሚነቃነቅ ጥርስ ሄደ መጣ። "ጓ! ጓ!" አለ። ኩሳዬን ጣልኩና ተነሳሁ። "ይኸው ጀሪካኑ!" አልኩ። ሙስዩ ጣራውን አየ።

ክሪኮር አስረዳን። ጎማውን ከመኪናው ሆድ ጋር የሚይዝ የብረት ክንድ አለ፤ እነሱ መቀስ ይሉታል። መቀሱ በሚታሰርበት ቀዳዳ ውስጥ ሲኒ የምታክል መሃሏ ብስ የሆነች ላስቲክ አለች። ብረት ከብረት እንዳይነካካ፣ ክንዱም ከቦታው እንዳይዋልል የምትይዘው እሷ ናት። ክሪኮር አንዷን አውጥቶ በአውራ ጣቱ ሲነካት እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረች። ላስቲኳ ስታልቅ ብረቱ ብረቱን ፈጭቶት፣ ክብ የነበረው ቀዳዳ እንቁላል ሆኗል።

"መኪናህ ሁለት ቦታ ነው የሚሄደው" አለው ሙስዩን። "ፊቱ ቤት ሜሪ፣ ኋላው ወዳሰኘው።"

ከዚያ ሁለት ዓይነት ላስቲክ አምጥቶ የመኪናው አፍንጫ ላይ ደረደረ። አንደኛው ጥቁር ነው፣ መኪናው ሲወለድ ይዞት የመጣው ዓይነት። ሁለተኛው ቀይ ነው፣ እሽቅድምድም የሚወዱ ጎረምሶች የሚያስገጥሙት። ጥቁሩን በአውራ ጣቴ ስጫነው እሺ አለኝ። ቀዩን ስጫነው እምቢ አለ። በጥርሴም ሞከርኩት።

"አይበላም ኡኽቲ" አለ ክሪኮር።

"ይህን ወደድኩት" አልኩ።

"ጥቁሩ ጉድጓዱን ይውጥላችኋል" አለ እሱ። "ኩርባ ላይ ግን ትንሽ ይተኛል። ቀዩ አይተኛም። ግን መንገድ ላይ ያለችውን ጠጠር ሁሉ በስሟ እየጠራ ይነግራችኋል። መኪናውን የምትፈልጉት ለምንድን ነው?"

"ወገቤን ያመኛል፤ ጥቁሩን" አለ ሙስዩ።

"ድስት እይዛለሁ፤ ቀዩን" አልኩ እኔ።

ክሪኮር ሁለታችንንም አየን። "እንግዲህ ምረጡ" አለ። "ወይ ወገብ ወይ ድስት።"

"አዲስ ጥቁር ቢገባ አይፈስም?" አልኩት።

"ካሁኑ ይሻላል። ግን እስከ አፉ የተሞላ ድስት ከሆነ፣ እሱም እንደ እብድ የሚነዳ ከሆነ፣ ይፈሳል። ትንሽ ጎደል አድርጋችሁ ብትሞሉትስ?"

ሙስዩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ይህ ሰው ማዳሜን አያውቃትም። ጎደል ያለ ድስት አድማ ቤት! እርጎ አነሳት፣ ሥጋ ተወደደባት፣ ባሏ ከሠረ ሊባል? ማዳሜ ድስቱን የምትሞላው ክዳኑ እርጎውን እስኪስመው ድረስ ነው።

"ጥቁሩ ይግባ፤ ኸላስ" አለ ሙስዩ።

በርጩማዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። "ይግባ" አልኩ። "እኔ ግን ከእንግዲህ ድስት አልይዝም።"

"ምን?"

"አልይዝም ሙስዩ። መኪና ውስጥም አልገባም። ቤት ውስጥ ያሻዎትን ልሥራ፤ መስኮት ልወልውል፣ ምንጣፍ ልጠብ፣ ድስቱን ሌላ ሰው ይያዘው።"

"ማን ይያዘው?"

"እጁ የማይላላ።"

ለምኖ አልሆነም፤ ጮኾም አልሆነም። እኔ እምቢ ካልኩ እምቢ ነው፤ አባቴም በዚሁ ምክንያት ነው ቶሎ የዳረኝ። ሙስዩ የጋራዡን ስልክ አንስቶ "ዋዲዓ፣ ነይ፤ ሴትየዋ አምጻለች" አለ።

ማዳሜ በታክሲ መጣች። ያን ቀን ለቅሶ መድረስ ስለነበረባት ከኩዋፈር መውጣቷ ነው፤ ፀጉሯ እንደ ኬክ ተቆልሏል። ተቆጥታም ቢሆን ሥርዓቷን አትረሳም። "ቦንጁር መዓለም" አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ድስት አልይዝም ማዳም።"

"መኪናው ምን አገባው? ችግሩ እጅሽ ነው! ቀይ ላስቲክ እጅ ያጠነክራል እንዴ?"

"ችግሩ መኪናው ነው። መዓለምን ይጠይቁት።"

ክሪኮር እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ማዳም፣ እኔ ላስቲክ እንጂ እጅ አልመረምርም" አለ። "ግን ቀላል ነገር ነው። የፈታሁትን እንዳለ ልመልሰውና አንዴ ዞር ብለን እንየው። ድስቱን ውሃ ሙሉት። ያን ጊዜ እጅ ይሁን መቀስ ይለያል።"

"እሷ ሆን ብላ ታፈሰዋለች!" አለች ማዳሜ።

"እውነትዎን ነው" አልኩ። "እርስዎ ይያዙት።"

ማዳሜ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። እኔ አውቃታለሁ፤ "አትችይም" ከተባለች ክምር ድንጋይ ትሸከማለች። "አንድ ድስት መያዝ!" አለች። "አንድ ድስት! አሳይሻለሁ እጅ እንዴት እንደሚይዝ።"

ኩሳውን ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ድስቱን እስከ አፉ ውሃ ሞላሁ፣ ክዳኑን ደፋሁበት። ማዳሜ ኋላ፣ በኔ ቦታ ተቀመጠች። ድስቱን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። ክሪኮር ድምፁን ለመስማት አጠገቧ ገባ። እኔ ፊት ተቀመጥኩ። በዚያ መኪና ስሄድ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ፊት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ መንገድ ፊት ለፊት እንዲህ ያምራል እንዴ!

ሙስዩ ፈርቶ እንደ ቀብር አጃቢ ይነዳል።

"ሙስዩ፣ እንዲህ አይደለም እሁድ የሚነዱት" አልኩት።

"ምን አገባሽ?"

"እውነቷን ነው" አለ ክሪኮር ከኋላ። "እንደ እሁድህ ንዳ፤ አለዚያ ምኑን አወቅነው?"

"ሲት አድማ ሰዓት እያየች ነው" አልኩ እኔ ደግሞ። የእህቱ ስም እግሩን ይመራዋል፤ ነዳጁን ረገጠው። ሲን ኤል ፊልን አለፍን። ማዳሜ ከኋላ "ይኸው፣ ምንም የለም! እጅ ሲሆን እንዲህ ነው!" ትላለች። የመጀመሪያው ኩርባ መጣ፤ ክዳኑ ትንሽ ተንጫጫ። ሁለተኛው መጣ። መኪናው ፊቱን አዞረ፤ ኋላው ቆየ፤ ቆየና ተወረወረ። "ጓ!"

ቸፍ አይደለም፤ ጎርፍ ነው። ድስቱ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰና ማዳሜ ላይ ፈሰሰ። የቀረው ውሃ ተፈናጥሮ ኬኩን መታው፤ ኬኩ ፊቷ ላይ ወረደ።

በዚህ መሃል ሙስዩ ነኽሌ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ዋዲዓ! እጅሽ!" አለ።

መኪናው ቆመ። ከማዳሜ ጆሮ ጌጥ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ክሪኮር በመስኮት በኩል ተራራውን ሲያደንቅ ነበር።

"ነኽሌ" አለች ማዳሜ ዝግ ብላ። "ምን አልክ?"

"ምንም።"

"እጄን ነው?"

"ልማድ ነው ሐቢብቲ። አፌ ለምዶ ነው።"

"ልማድ" አለች። ሁለት እጆቿን አንስታ አየቻቸው፣ አሁን የተገጠሙላት ይመስል። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ፊቴን እንደ ግድግዳ አድርጌያለሁ፤ ሳቄ ግን ሆዴ ውስጥ እንደ ድመት ይቧጥጠኛል። "አንቺስ ምን ታያለሽ?"

"ፓርዶን ማዳም።"

ጋራዥ ስንመለስ ከመኪናው ገና አንድ እግሯን አውጥታ "ቀዩን!" አለች።

"ዋዲዓ፣ ወገቤ..." አለ ሙስዩ።

"ወገብህ የራሱ ጉዳይ! የረጠበው ወገብህ ነው? እጄ ሲሰደብ ወገብህ የት ነበር?"

ክሪኮር መሃል ገብቶ አስታረቀ። የሚወረወረው ኋላው ነው፤ ስለዚህ ቀዩ ኋላ ይግባ፤ ፊት ለፊቱ አዲስ ጥቁር ይሁንና የሙስዩ ወገብ ጥቂት ይረፍ። መቀሶቹም ይቀየሩ፤ እንቁላል በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ክብ ላስቲክ ቢገባ መልሶ ይላላል። ሙስዩ ስለ መቀሶቹ አፉን ሊከፍት ሲል ማዳሜ ፀጉሯን ጨምቃ መሬት ላይ አንጠባጠበች። አፉን ዘጋ።

ቅዳሜ ሊያልቅ ሲል ክሪኮር ሁላችንንም አስጠራን። ብሎኑ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቀው መኪናው በእግሩ ቆሞ፣ ሸክሙን ተሸክሞ ነው ይላል፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። "እሁድ እንደምትጫኑት ተጫኑ" አለን። ሙስዩ መሪውን ያዘ፣ ማዳሜ ፊት ተቀመጠች፣ እኔ ኋላ ድስት ሙሉ ውሃ ታቀፍኩ፣ ጀሪካኖቹም ገቡ። ክሪኮር መኪናው ሥር ከተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ "አትንቀሳቀሱ!" ይላል። እኛ ፎቶ እንደሚነሳ ቤተሰብ ደርቀናል። በሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እየቆመ ያየናል።

አንድ አትክልት ሻጭ ጋሪውን አቁሞ "ያ ሙስዩ፣ ወዴት ነው?" አለው።

"ቤት ሜሪ" አለ ሙስዩ፣ አንገቱን ሳያንቀሳቅስ።

"አላህ ያድርሳችሁ!"

እሁድ መጣ። ማዳሜ ሺሽባራኩን ከምንጊዜውም አስበልጣ ሞላችው፤ ክዳኑ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ገና ከአሽራፊዬ ሳንወጣ ክሪኮር ያለው ደረሰ። ቀዩ ያለው ከኋላ ነው፤ ከኋላ ያለሁትም እኔ ነኝ። ጠጠር አልቀረኝም። የቦይ ክዳን፣ ጦርነቱ የተወው ጉድጓድ፣ አንዱ የጣለው የወይራ ፍሬ፣ ሁሉም መቀመጫዬን እየመታ ስሙን ነገረኝ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። ማዳሜ በመስተዋት አየችኝ።

"ዙ-ዙሀራ፣ አ-አመመሽ?"

"ኧ-ኧረ ም-ምንም!" አልኩ። ብሞትም አልናገርም፤ መርጬዋለሁ።

ኩርባው ሲደርስ ማዳሜ ዞራ ወደኋላ አየች፤ ስንት ዓመት ሙሉ ዞራ አይታ የማታውቅ ሴት። መኪናው ፊቱን አዞረ፤ ኋላውም አብሮ ዞረ። በቃ። እንደ ሰው ዞረ። ከክዳኑ ሥር አንድ ጠብታ እርጎ ብቅ አለችና አሰበችበት፤ ተመልሳ ገባች።

አድማ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ባልዲ ውሃ ሞልታ፣ ሳሙና አጠገቡ አስቀምጣ። ድስቱን ታቅፌ ወረድኩ፤ እግሬ ደንዝዟል፣ እጄ ግን እንደ ብረት ነው። ማዳሜ ክዳኑን እራሷ ከፈተችው። ነጭ፣ ሙሉ፣ እስከ አፉ። አድማ አጎንብሳ አየች፤ ቀሚሴን አየች፤ የወንድሟን ኮሌታ አየች።

"ባልዲሽን አስገቢው ሸሪ" አለቻት ማዳሜ። "ሰው ይደናቀፍበታል።" ከዚያ ደግሞ፣ ለአድማ ይሁን ለአጥሩ ሳይታወቅ፣ "የዙሀራ እጅ ምንም የለበትም፤ መኪናው ነበር" አለች።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ግን ሰው ፊት አለችው። ሰው ፊት የተባለ ሰው ፊት ተሻረ።

ምሳውን አቀረብኩ። እጄን ታጠብኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ማዳሜ ፊት ቆምኩ።

"ወዴት?" አለች።

"ምሳ ቀርቧል ማዳም።"

"ሳህኑንስ ማን..." ብላ ጀመረችና አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ነካች። በሱ ነው የማለችው። "እሺ። ሂጂ፤ ያላ። ሳይመሽ ግቢ።"

ያን ጊዜ ሙስዩ ነኽሌ ጉርሻውን አፉ ደጃፍ ላይ አቁሞ "ቆይ ቆይ፣ ሲመለስስ ድስቱን ማን ይይዘዋል?" አለ። ማዳሜ ዓይኗ ወደ ቀሚሷ ወረደ። ያን ቀን የለበሰችው ነጭ ነው።

ወጥ ቤት ገብቼ ድስቱን አጠብኩት፤ ለማንም ብዬ አይደለም፣ ድስት ቆሽሾ ትቼ መሄድ አልወድም። አድማ ከተፍ ብላ የራሷን ሞላችበት። የሞላችው ካቢስ ነው፤ በቀይ ሥር ውሃ የተዘፈዘፈ ኮምጣጣ አትክልት። ቀለሙ የነካውን አይለቅም። እሷም እስከ አፉ ሞላችው፤ በምን ታንሳለች?

ድስቱን ወስጄ የመኪናው ወለል ላይ፣ ኋላ ወንበሩ ፊት አስቀመጥኩ። ለነገሩ አይፈስም፤ ቀዩ ላስቲክ አለ። ግን ሰው አይታወቅም። ከቦርሳዬ ዳክዬዋን አወጣሁ፣ በእጄ ዳበስ ዳበስ አድርጌ አስተካክዬ፣ ሲመለሱ ማዳሜ ድስቱን ይዛ የምትቀመጥበት የኋላ ወንበር ላይ ዘርግቼ አኖርኩላት። ከዚያ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ቁልቁል ወርጄ ታክሲ ያዝኩ።

ዶራ ስደርስ እሙሽ በሩን ከፍታ ቆማ ቀረች። ከኋላዋ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል።

"አንቺ!" አለችኝ። "ወንበሩስ?"

"ማዳሜ ተቀምጣበታለች" አልኳትና ገባሁ።